ከጉብኝት ቪዛ ወደ ተማሪነት፦ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ስታተስ እንዴት ይቀየራል?

አሜሪካ በጉብኝት ቪዛ መጥቶ ዘመድ ቤት ያረፈ ሰው ትንሽ እንደቆየ አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። «እዚሁ ሆኜ ትምህርት ብጀምርስ?» ይላል። ይቻላል፤ ሕጉ ይፈቅዳል። ግን ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ትምህርቱንም፣ ወደፊት ወደ አሜሪካ የመመለስ ዕድሉንም ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በተለይ ቀኖቹ ላይ ልብ በሉ።

ቪዛና ስታተስ ይለያያሉ

ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈው ቪዛ የመግቢያ ወረቀት ነው። ሥራው ኤርፖርት ላይ ያበቃል። ስታተስ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ያላችሁ ሕጋዊ የቆይታ ዓይነት ነው፤ ጎብኚ፣ ተማሪ ወይም ሌላ። ከገባችሁ በኋላ የምትቆዩበትን ጊዜ የሚወስነው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። በጉብኝት ለሚገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ 6 ወር ይሰጣል። የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የፓስፖርት ቁጥራችሁን አስገብታችሁ ዛሬውኑ አትሙት።

«ቪዛዬ ገና ጊዜ አለው» ብሎ ተዝናንቶ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ነው። የአይ-94 ቀን ካለፈ ግን የቪዛው ቀን አያድንም። ከዚያ በኋላ 180 ቀን ያለፈው ሰው ከአገር ሲወጣ የ3 ዓመት እገዳ ይከተለዋል። አንድ ዓመት የደፈነ ደግሞ 10 ዓመት። ስታተስ ለመቀየር የምታስገቡት ማመልከቻም ከአይ-94 ቀን በፊት መድረስ አለበት። በዚህ ላይ ድርድር የለም ማለት ይቻላል።

መቀየር ያስፈልጋችኋል ወይ?

ሁሉም ሰው መቀየር አያስፈልገውም። በሙያው ተቀጥሮ የመጣ የኤች-1ቢ ሠራተኛ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ ሆኖ በኤች-4 የመጣ ሰው እንዳለ መማር ይችላል። በልውውጥ ፕሮግራም (በጄ-1) የመጣ ሰው ቤተሰብ ሆኖ በጄ-2 ያለም እንዲሁ። ዓለም ባንክ ወይም አይኤምኤፍ የሚሠራ ወላጅ ያላቸው የጂ-4 ልጆችም ስታተሳቸው እስካለ ድረስ ይማራሉ። የኤፍ-1 ተማሪ ባለቤት ሆና በኤፍ-2 ያለች ሴት ግን በትርፍ ጊዜ ብቻ ነው የምትማረው። ሙሉ ጊዜ ዲግሪ ልማር ካለች ወደ ኤፍ-1 መቀየር አለባት።

በቢ-1 ወይም በቢ-2፣ ማለትም በሥራ ጉዳይ ወይም በጉብኝት የገባችሁ ከሆነ መቀየር ግዴታ ነው።

ጭራሽ የማይቀየርላቸውም አሉ። ከአውሮፓ አገር ዜግነት ወስደው ያለ ቪዛ፣ ኢስታ በሚባለው የኦንላይን የጉዞ ፈቃድ የገቡ ወገኖቻችን አሜሪካ ውስጥ ሆነው ተማሪ መሆን አይችሉም። በትራንዚት ቪዛ ወይም በአውሮፕላንና በመርከብ ሠራተኝነት የገባ፣ በኬ-1 የእጮኛ ቪዛ የገባም አይችልም። በኤም-1 ያለ የሙያ ትምህርት ተማሪም ወደ መደበኛው የተማሪ ስታተስ፣ ወደ ኤፍ-1፣ መቀየር አይፈቀድለትም። በጄ-1 መጥቶ «2 ዓመት አገርህ ተመልሰህ ኑር» የሚለው ግዴታ ያለበትም ነጻ የሚያደርገው ወረቀት ካላገኘ በቀር እንደዚሁ ነው።

የጥገኝነት ጥያቄ ያስገባችሁ ወይም በቲፒኤስ (በጊዜያዊ ከለላ) ያላችሁ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። እናንተ ከማንኛውም ቅጽ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አናግሩ።

ኤፍ-1 ወይስ ጄ-1?

ኤፍ-1 መደበኛው የተማሪ ስታተስ ነው። ትምህርት ቤቱ አይ-20 የሚባል ወረቀት ይሰጣችኋል። ከኪሳችሁ፣ ከቤተሰብ ወይም ከስፖንሰር እየተከፈለ መማር ይቻላል።

ጄ-1 የልውውጥ ፕሮግራም ነው። ዩኒቨርሲቲዎች በስምምነት ተማሪ የሚለዋወጡት፣ የመንግሥት ስኮላርሺፕ ያገኙ ሰዎች የሚመጡት በዚህ ነው። ወረቀቱ ዲኤስ-2019 ይባላል። የሚሰጠውም የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የፈቀደለት ስፖንሰር ነው። የጤና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ለአንድ ሕመም ወይም አደጋ ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን መሆን አለበት። ዲግሪ ለመያዝ ሳይሆን ለልውውጥ ብቻ የመጣ ተማሪ ቢበዛ 24 ወር ይቆያል።

ጄ-1 ከመምረጣችሁ በፊት ያንን የ2 ዓመት ግዴታ አጣሩ። ወጪያችሁን መንግሥት ከሸፈነ፣ ወይም ሙያችሁ አገራችሁ እፈልገዋለሁ ብላ ያስመዘገበችው ዝርዝር ውስጥ ካለ ግዴታው ሊያዝባችሁ ይችላል። ያን ጊዜ 2 ዓመት አገር ቤት ሳትኖሩ፣ ወይም ነጻ የሚያደርግ ወረቀት ሳታገኙ ኤች-1ቢም ግሪን ካርድም አይሰጣችሁም። አሜሪካዊ ብታገቡም ግዴታው አይነሳም።

የእኔን ሐሳብ ልናገር። የአንድ ሴሚስተር ልውውጥ ከሆነ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ መቀየር ብዙም አያዋጣም። መልሱ እስኪመጣ ሴሚስተሩ ሊያልቅ ይችላል። ብዙ ስፖንሰሮችም አዲስ አበባ ሄዳችሁ በኤምባሲ በኩል ግቡ ይላሉ። ለረዥም ጊዜ ትምህርት ግን ወደ ኤፍ-1 መቀየር ሊያስኬድ የሚችል መንገድ ነው። ከዚህ በታች የማተኩረውም በእሱ ላይ ነው። የጄ-1 ሂደትም በቅጽ ደረጃ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

1ኛ፦ ትምህርት ቤት ያዙ

ትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪ ለመቀበል በመንግሥት የተፈቀደለት መሆን አለበት። ዝርዝሩ «ስተዲ ኢን ዘ ስቴትስ» የተባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ አለ። ዲሲ አካባቢ ያሉ ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው። ሜሪላንድ ላይ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ፣ ቨርጂኒያ ላይ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) አለ። ከዩኒቨርሲቲ ይረክሳሉ፤ ክሬዲቱንም በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ይዞ መሄድ ይቻላል። ግን አክስታችሁ በከፈለችው የነዋሪ ዋጋ አታስቡት። የውጭ ተማሪ የሚከፍለው ከዚያ ከፍ ያለ ነው።

ትራንስክሪፕት ስታዘጋጁ የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ነገር አትርሱ። የ12ኛ ክፍል ወረቀታችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ፓስፖርታችሁ በፈረንጅ ከሆነ አንድ ሰው ሁለት የልደት ቀን ያለው ይመስላል። በአማርኛ የተጻፈ ማስረጃ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል። ተርጓሚው ሁለቱን ቋንቋ እንደሚያውቅና ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ እንደሆነ ጽፎ ይፈርማል። ዘመኑን የሚያስረዳ አንድ መስመር እዚያው ላይ እንዲጨምር ንገሩት።

ስምም ያስቸግራል። እኛ ጋ የአባትና የአያት ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የለም። አሜሪካኖቹ ግን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ይይዙታል። ስለዚህ ማመልከቻ ላይ ስማችሁን ልክ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ፣ በዚያው ፊደልና በዚያው ቅደም ተከተል ጻፉ። አይ-20ው ላይ አንዲት ፊደል ከተሳሳተች ከማስገባታችሁ በፊት አስተካክሉ።

ከተቀበሏችሁ በኋላ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሄዳችሁ በግልጽ ተናገሩ፦ «አሜሪካ ውስጥ ነኝ፤ በስታተስ ለውጥ ነው የምገባው።» ካልነገራችኋቸው ከውጭ ለሚመጣ ተማሪ የሚሰጠውን አይ-20 ሊያወጡላችሁ ይችላሉ። ለእናንተ የሚሆነው የስታተስ ለውጥ ተብሎ የተመዘገበው ነው።

2ኛ፦ የሴቪስ ክፍያ

አይ-20 እጃችሁ ሲገባ ላዩ ላይ በኤን የሚጀምር የሴቪስ ቁጥር ታያላችሁ። ሴቪስ መንግሥት የውጭ ተማሪዎችን የሚመዘግብበት መዝገብ ነው። በዚያ ቁጥር አይ-901 የሚባለውን ክፍያ በኦንላይን ክፈሉ። ለኤፍ-1 350 ዶላር፣ ለአብዛኛው ጄ-1 220 ዶላር ነው። ደረሰኙን አትሙ። ማመልከቻው ያለ እሱ አይሟላም።

3ኛ፦ የገንዘብ ማስረጃ

አይ-20 ላይ የአንድ ዓመት ወጪ ተደምሮ ተጽፏል። ትምህርት፣ ቤት፣ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ ኢንሹራንስ። ያን ያህል ገንዘብ እንዳለ በወረቀት ማሳየት አለባችሁ።

ስፖንሰራችሁ አሜሪካ የሚኖር ዘመድ ከሆነ የባንክ ስቴትመንት፣ የታክስ ወረቀትና የደመወዝ ማስረጃ ይስጣችሁ። ለምን እንደሚከፍልላችሁ የሚያስረዳ ደብዳቤም ይጻፍ። ብዙ ሰው አይ-134 የሚባለውን የስፖንሰር ቅጽም ያያይዛል። ቤትና ምግብ ብቻ የሚሰጣችሁ ከሆነም ያንኑ በግልጽ ይጻፍ። ስፖንሰሩ ኢትዮጵያ ከሆነ ብሩ ወደ ዶላር ተመንዝሮ፣ የተመነዘረበት ቀንና ምንዛሬ ተጠቅሶ ይቅረብ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብሩ ብዙ ስለወረደ፣ ቀድሞ ይበቃ የነበረው ሒሳብ ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

በአንድ ቀን የገባ ትልቅ ገንዘብ ጥርጣሬ ያመጣል። የተበደራችሁትን ገንዘብ ለስቴትመንት ብላችሁ አስገብታችሁ በማግስቱ እንዳትመልሱት። ይህ ማታለል ነው፤ ከተያዘ መዘዙ ዕድሜ ልክ ይከተላል። መሬት ወይም መኪና ተሸጦ የመጣ ገንዘብ ከሆነ ግን የሽያጭ ውሉን አያይዙ፤ ችግር የለውም።

4ኛ፦ ደብዳቤው

ስታተስ ለመቀየር ለምን እንደፈለጋችሁ የምታስረዱበት ደብዳቤ ማለቴ ነው። ከሁሉም ወረቀት ትልቁ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ማመልከቻውን የሚያየው ባለሥልጣን በአካል አያገኛችሁም። የሚያውቃችሁ በደብዳቤው ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ ሰው ኤምባሲ ላይ ልጎበኝ ነው ብሎ ቪዛ ወስዶ፣ ከመጀመሪያውም ሊማር ነበር የመጣው?»

ስለዚህ ሐሳባችሁ መቼና እንዴት እንደተቀየረ በቀን ንገሩት። መቼ ገባችሁ? ማንን ልትጎበኙ? ትምህርቱን ያሰባችሁት ምን ስታዩ ነው? ለኮሌጁ ያመለከታችሁት መቼ ነው? ኮሌጁ ላይ ያመለከታችሁበት ቀን አሜሪካ ከመግባታችሁ በፊት ከሆነ፣ ያ ለብቻው ጥያቄ ያስነሳል። ቪዛችሁ ላይ ትምህርት ቤት ለማየት እንደምትመጡ የሚገልጽ ማስታወሻ ካለ ግን ይጠቅማችኋል፤ ጥቀሱት።

ከዚያ ይህ ትምህርት አገር ቤት ምን እንደሚጠቅማችሁ ጻፉ። «ጥሩ ሥራ አገኛለሁ» አይበቃም። አዲስ አበባ ላይ የሒሳብ ሠራተኛ የነበረች ሴት የዳታ ትንተና ተምራ የት መሥሪያ ቤት፣ ምን ልትሠራ እንደምትችል ትጻፍ። ቀጥሎ የሚመልሳችሁን ነገር አሳዩ። ትዳር፣ ልጅ፣ ቤት፣ ካርታ፣ የቤተሰብ ንግድ፣ ሥራ ቦታው እንደሚጠብቃችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ። ኤፍ-1 ተምሮ የሚመለስ ሰው ስታተስ ነውና ይህን ያላሳየ ማመልከቻ ደካማ ነው።

አንድ ነገር አትደብቁ። ወንድም ወይም እህት ዜግነት አግኝተው አይ-130 የሚባለውን የቤተሰብ ማመልከቻ ካስገቡላችሁ ቅጹ ይጠይቃል፤ እውነቱን መልሱ። ማመልከቻውን ያከብደዋል፣ አይካድም። ቢሆንም መዝገቡ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ጋ አለ። ዋሽቶ መገኘት ከክልከላው ይብሳል።

ኢንተርኔት ላይ ከሚገኝ ናሙና አትገልብጡ። የሌላ ሰው ታሪክ ከእናንተ ቀኖች ጋር አይገጥምም። በራሳችሁ አነጋገር፣ በአንድ ተኩል ገጽ ጻፉ።

5ኛ፦ ማስገባት

ቅጹ አይ-539 ይባላል። የሚገባው ለኢሚግሬሽን አገልግሎት መሥሪያ ቤቱ፣ ለዩኤስሲአይኤስ ነው። በኦንላይን 420 ዶላር፣ በወረቀት 470 ዶላር ነው። ክፍያ ስለሚቀያየር በምታስገቡበት ቀን ድረ ገጹን እዩ። በኦንላይን ይሻላል፤ ደረሰኙ ወዲያው ይመጣል፣ የጎደለ ገጽ አለ ተብሎም አይመለስባችሁም። የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ልጆች አብረው ሊካተቱ ይችላሉ።

ከአይ-20፣ ከሴቪስ ደረሰኝ፣ ከአይ-94፣ ከፓስፖርትና ከቪዛ ኮፒ፣ ከገንዘብ ማስረጃውና ከደብዳቤው ጋር ይያያዛል። ፓስፖርቱ ያላለፈበት መሆን አለበት። ሊያልቅ የተቃረበ ከሆነ ዋሽንግተን ባለው ኤምባሲያችን ቀድማችሁ አሳድሱ።

መቼ ይግባ? በገባችሁ ሰሞን አትቸኩሉ። ቆንስላዎች የሚከተሉት የ90 ቀን መመዘኛ አለ። በገባ በ90 ቀን ውስጥ ከቪዛው ዓላማ ጋር የሚጋጭ ነገር ያደረገ ሰው፣ ለምሳሌ ሳይፈቀድለት ትምህርት የጀመረ፣ ሲገባ ዋሽቷል ተብሎ ሊገመት ይችላል። ዩኤስሲአይኤስ በዚህ መመዘኛ አይታሰርም፤ ግን አቸኳኮላችሁን ያየዋል። በሌላ በኩል የአይ-94 የመጨረሻ ሳምንት መጠበቅ ቁማር ነው። 6 ወር የተሰጠው ሰው በአራተኛው ወር ቢያስገባ ጥሩ ነው ባይ ነኝ።

6ኛ፦ ጥበቃው

አሻራ ስጡ የሚል ቀጠሮ ሊመጣ ይችላል። ሂዱ። ማስረጃ ጨምሩ የሚል ደብዳቤ ከመጣ እስከተጻፈው ቀን ድረስ፣ የተጠየቀውን በሙሉ በአንዴ መልሱ። ቤት ከቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ አድራሻ አስመዝግቡ። ደብዳቤ ጠፍቶባቸው የተዘጋባቸው ሰዎች አሉ።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። በጉብኝት ስታተስ ላይ ያለ ሰው ማመልከቻው ሳይፈቀድ ክፍል መግባት አይችልም። አንድ ኮርስም ቢሆን። ብዙ ሰው «አስገብቻለሁ እኮ፣ ደረሰኝ አለኝ» ብሎ ይመዘገባል። ደረሰኝ ፈቃድ አይደለም። ትምህርት መጀመር ራሱ የስታተስ ጥሰት ነው፤ ማመልከቻው የሚወድቀውም በዚያው ነው። ኮሌጁ «ችግር የለም» ቢላችሁ እንኳ አትግቡ። ሥራም እንደዚሁ ነው። ሬስቶራንት በካሽ፣ የልጅ ጥበቃ በካሽ፣ አይሆንም።

የትምህርቱ መጀመሪያ ቀን መልሱ ሳይመጣ ከደረሰስ? ቀኑ ከማለፉ በፊት ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ ደውላችሁ አይ-20ውን ወደሚቀጥለው ሴሚስተር እንዲያራዝሙት ጠይቁ። ይህን ራሳችሁ ካልተከታተላችሁ ማንም አያስታውሳችሁም።

ቀድሞ ትምህርቱ ሊጀምር 30 ቀን እስኪቀረው የጉብኝት ስታተሱን በሌላ ማመልከቻ እያራዘሙ መቆየት ግዴታ ነበር። ሐምሌ 20 ቀን 2021 በፈረንጅ ይህ ቀርቷል። አይ-539ኙን ያስገባችሁበት ቀን ስታተሳችሁ ያልተቃጠለ ከሆነ ይበቃል። አሁንም «ሁለተኛ ማመልከቻ አስገባና ክፈል» የሚል የወረቀት ሠራተኛ ካለ ያረጀ ነገር ነው የሚነግራችሁ። በነገራችን ላይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችሉት ጠበቃና የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የሰጣቸው ወኪሎች ብቻ ናቸው። ታክስ የሚሠራላችሁ ሰው ደግ ቢሆንም ይህን እንዲሠራ አትስጡት።

የቸኮለ ሰው አይ-907 በሚባል ቅጽ ተጨማሪ ከፍሎ ማፋጠን ይችላል። ዋጋው 2,000 ዶላር ገደማ ነው፤ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ምላሽ ይሰጣል። ምላሹ ግን ተጨማሪ ማስረጃ መጠየቅም ሊሆን ይችላል።

በዚህ መሃል ከአሜሪካ ከወጣችሁ ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠራል። ለቅሶ ቢመጣ እንኳ። ይህን ቀድማችሁ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩ፣ ምክንያቱም በዚያ ሰዓት ማሰብ ከባድ ነው።

ካልተፈቀደ

የአይ-539 ውሳኔ ይግባኝ የለውም። በአይ-290ቢ ቅጽ እንደገና ይታይልኝ ማለት ግን ይቻላል፤ ጊዜው 30 ቀን ነው፣ ውሳኔው በፖስታ ከመጣ 33። አይ-94 አልፎ ከነበረ ከውሳኔው ማግስት ጀምሮ ሕገ ወጥ ቆይታ መቆጠር ይጀምራል። ከየካቲት 2025 በፈረንጅ ጀምሮ ደግሞ እንዲህ ስታተስ ሳይኖረው የተከለከለ ሰው ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት መጥሪያ ሊሰጠው ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው እንደመጣ በዚያው ሳምንት ጠበቃ አናግሩ ወይም ሻንጣ አዘጋጁ። ቶሎ የወጣ ሰው አዲስ አበባ ላይ የተማሪ ቪዛ መጠየቅ ይችላል።

ከተፈቀደ

አይ-797 የሚባለው ደብዳቤ ይመጣል። ታች ላይ አዲስ አይ-94 ተያይዞበታል። ኦሪጅናሉን አስቀምጡ፤ ኮፒውን ለውጭ ተማሪዎች ቢሮ ስጡ። ከዚያች ቀን ጀምሮ የኤፍ-1 ሕግ ይገዛችኋል። የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም የኮሌጅ ተማሪ በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት ይወስዳል። ግቢ ውስጥ በትምህርት ወቅት በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይፈቀዳል። ፈቃዱ ትምህርቱ ሊጀምር ከ30 ቀን በላይ ሲቀረው ከመጣ ግን እስከ 30 ቀኑ ድረስ ግቢ ውስጥም መሥራት አይቻልም።

ስታተሳችሁ ተቀየረ እንጂ የተማሪ ቪዛ አልተሰጣችሁም። ክረምት ላይ አገር ቤት ደርሼ ልምጣ ያለ ተማሪ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ ኢንተርቪው ገብቶ የኤፍ-1 ቪዛ ማግኘት አለበት። ሊከለከልም ይችላል። ቆንስላው «ለምን በጉብኝት ሄደህ ቀየርክ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ስትሉ ያስገባችሁትን ደብዳቤ ኮፒ ያዙ፤ ኤምባሲ ላይ የምትሉት ከዚያ ጋር አንድ መሆን አለበት። በውጭ ተማሪዎች ቢሮ የተፈረመ አይ-20፣ የአይ-797 ደብዳቤ፣ ትራንስክሪፕትና ትምህርት የከፈላችሁበት ደረሰኝ አብረው ይሂዱ። ውጤታችሁ ጥሩ ከሆነ ትራንስክሪፕቱን ከላይ አድርጉት። የግድ ካልሆነ በቀር ግን ትምህርቱ ሳይጨረስ ባትወጡ ይሻላል።